ፒችትሪ ይቆይ ወይስ ወደ ክላውድ እንሂድ?

ሰላም አባላት፣

ለግንባታ ሥራችን የትኛው የሒሳብ ሶፍትዌር እንደሚሻል ብዙዎቻችሁ ስለጠየቃችሁኝ የማስበውን በግልጽ ልጻፍ። አብዛኞቻችን የለመድነው ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ፒችትሪን ነው (ስሙ ሴጅ 50 ከሆነ ቆይቷል፣ እኛ ግን ያው ፒችትሪ እንለዋለን)። ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ የእያንዳንዱን ሳይት ወጪም ለይቶ ይይዛል። ችግሩ፣ ኮምፒውተሩ ያለው ቢሮ ነው፤ ሲሚንቶና ብረቱ የሚወጣው ግን ሳይት ላይ። ደረሰኙ በወር አንዴ በፌስታል ተጠቅልሎ ሲመጣ ኪሳራው የሚታወቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው! እኔ ላይ ደርሷል። ሃርድ ዲስክ ተበላሽቶም የአራት ወር ሒሳብ እንደገና መዝግበናል።

ክላውድ ላይ (ሒሳቡ በኢንተርኔት የሚያዝበት ሶፍትዌር ማለት ነው) የስቶር ሠራተኛው እዚያው በስልኩ ይመዘግባል። ግን ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ሶፍትዌሩ የውጭ ከሆነም ክፍያው በዶላር ስለሆነ የባንኩን ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ።

የትኛውንም ከመግዛታችሁ በፊት በአንድ እውነተኛ የክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራው ሥራ ክፍያ የሚጠየቅበት ሰነድ) ሞክሩት፤ የቅድመ ክፍያ ተቀናሹን፣ ሪቴንሽኑን (አሠሪው ለዋስትና ከክፍያው ይዞ የሚያቆየውን) እና 15 በመቶ ቫቱን ለየብቻ ካላሳያችሁ ተዉት። ሳይታችሁ ሁሉ አዲስ አበባ ከሆነ እኔ ክላውድ እላለሁ። ገጠር መንገድ የምትሠሩ ግን ዴስክቶፑን (ፒችትሪን) ያዙ፣ ባክአፑንም (የሒሳቡን መጠባበቂያ ቅጂ) በየቀኑ ከቢሮ ውጭ አስቀምጡ።