ጦሩ ከገባ በኋላ ደመወዝ የሚከፍለው ማን ነው?

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

በቅርቡ ያስነበባችሁት አንድ ጽሑፍ፣ ኃያላን መንግሥታት በጦር ኃይል ከገቡበት አገር ቶሎ የማይወጡት፣ ቆይተውም «መልሶ ግንባታ» የሚሉትን ሥራ የሚጀምሩት ለምን እንደሆነ ጠይቆ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ዘግቶታል፤ የሚቆዩት ለዝርፊያ ነው፣ የቀረው ሁሉ ሽፋን ነው ይላል። ጥርጣሬው ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ነገር ግን ዝርፊያ ብቻውን የማይፈታው ነገር አለ፤ እዚህ ግባ የሚባል የሚዘረፍ ሀብት በሌለበት ቦስኒያ ዘጠኝ ዓመት የቆዩትና ነዳጅ በሞላባት ሊቢያ ግን አንድ ሻለቃ ጦር እንኳ ለማቆየት ያልፈለጉት መንግሥታት እነዚያው ናቸው።

እኔ የፖለቲካ ተንታኝ አይደለሁም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በሒሳብ ክፍል፣ ወር በገባ ቁጥር ፔሮል በማዘጋጀት ነው። ምናልባት ከዚህ የተነሳ ይሆናል፣ ስለ ወረራና ስለ ጣልቃ ገብነት ሳነብ ሐሳቤ ከጄኔራሎቹ ይልቅ ወደ አንድ ጥያቄ ይሄዳል፤ የፈረሰው መንግሥት ይከፍላቸው የነበሩ መምህራን፣ ፖሊሶች፣ የውኃና የመብራት ሠራተኞች፣ ጡረተኞችም ጭምር፣ የሚቀጥለውን ወር ደመወዝ ከማን ይቀበላሉ? በእኔ እምነት የገባው ጦር እንዳይወጣ የሚይዘው በመጀመሪያ ይህ ነው። ነዳጁ፣ የጦር ሰፈሩና የተቋራጮቹ ጥቅም በላዩ ላይ ይደረባሉ እንጂ ከሥር ያለው እሱ ነው። ቀጥሎ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልግለጽ።

ሕጉ ራሱ ከዚሁ ይነሳል። የ1907ቱ የሄግ ደንብ አንቀጽ 43፣ የሌላውን አገር ሥልጣን በእጁ ያስገባ ጦር የአካባቢውን ጸጥታና የሕዝቡን ኑሮ በተቻለው መጠን ወደ ቦታው የመመለስና የማስጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ደግሞ ምግብና መድኃኒት እንዲያቀርብ፣ የሆስፒታሎችና የሕዝብ ጤና አገልግሎት እንዳይቋረጥም ከአገሩ ባለሥልጣናት ጋር ተባብሮ እንዲሠራ ያስገድደዋል። ስለዚህ ቤተ መንግሥቱን የያዘ ጦር፣ ወደደም ጠላም፣ አሠሪ ይሆናል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሕጉ የነበረው እንዲጠበቅ አዘዘ እንጂ አገሩ እንደ አዲስ ይሠራ አላለም፤ እንዲያውም ያው አንቀጽ 43፣ ፈጽሞ የማይቻል ካልሆነ በቀር፣ ነባሩ የአገሩ ሕግ እንዲከበር ያዛል። ከማስጠበቅ ወደ መገንባት የሚያሻግራቸው ከሕጉ ይልቅ ወጪው ነው።

ይህ በግልጽ የታየው በጀርመን ነው። ስለ ጀርመን መልሶ ግንባታ ሲወራ ሁልጊዜ የታሪኩ መጀመሪያ ይዘለላል። በኤፕሪል 1945 ለአሜሪካ ጦር አዛዥ የተሰጠው መመሪያ፣ በሽታንና ሁከትን ለመከላከል ከሚያስፈልገው በስተቀር የጀርመንን ኢኮኖሚ ለማቋቋም ምንም እርምጃ እንዳይወሰድ የሚያዝ ነበር። አሸናፊዎቹ የገቡት ለመቅጣትና ለመቆጣጠር እንጂ ለመገንባት አልነበረም። ክረምትና ረኃብ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ተቀየረ። በማርች 1946 እንግሊዝ በያዘችው የጀርመን ቀጠና ለአንድ ሰው በቀን ይታደል የነበረው ራሽን ወደ 1,000 ካሎሪ ገደማ ወረደ። ጦርነቱን በሙሉ ሲዋጋ ዳቦን በራሽን ያላደረገው የእንግሊዝ መንግሥትም፣ ድል ባደረገ በዓመቱ፣ በጁላይ 1946 ዳቦን በራሽን አደረገ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በጀርመን ለያዘው ቀጠና እህል ማቅረብ ስለነበረበት ነው። የአሸናፊው አገር እናት ኩፖኗን ይዛ ዳቦ ቤት በር ላይ ስትሰለፍ፣ የቆረሰችው ከተሸናፊው ጋር ነበር። በአሜሪካ ቀጠና አስተዳደር ላይ የነበረው ጄኔራል ሉሺየስ ክሌይም በዚያው ሰሞን፣ በ1,500 ካሎሪ ኮሚኒስት መሆንና በ1,000 ካሎሪ በዴሞክራሲ ማመን እንደ ሁለት አማራጭ ሊቀርቡ እንደማይችሉ ለበላዮቹ አሳወቀ።

በጃንዋሪ 1947 ሁለቱ ቀጠናዎች በኢኮኖሚ ተዋሐዱ፤ በጁላይ የቀድሞው መመሪያ ተሽሮ በሌላ ተተካ፤ በመካከሉ፣ በጁን 5፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆርጅ ማርሻል ለአውሮፓ የመልሶ ግንባታ እርዳታ ያቀረበበትን የታወቀ ንግግር አደረገ። የሶቪየት ኅብረት ፍራቻ በዚህ ውሳኔ ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው አልክድም። የተሸናፊውን ሕዝብ ለዘለዓለም ከመቀለብ ፋብሪካውን ከፍቶ ራሱን እንዲችል ማድረግ ይረክሳል የሚለው ስሌት ግን ያለ ስታሊንም የሚሠራ ነው። በነገራችን ላይ፣ አንድ አገር በተጎዳ ቁጥር «የማርሻል ፕላን ያስፈልገዋል» የሚሉ ሰዎች ከዚያ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው ጀርመን ሳትሆን አሸናፊዋ ብሪታንያ መሆኗን አያነሱትም። ስለ ዝርፊያ ከተነሳም፣ ሶቪየቶች በያዙት የጀርመን ክፍል ፋብሪካ እየነቀሉ በባቡር ጭነው ወስደዋል። እነሱም ቢሆኑ ግን በቦታው አስተዳደር ከማቋቋም አልዳኑም፤ የመጨረሻው ወታደር የወጣው በ1994 ነው።

በጃፓን ሥራው ቀለል ያለው የወራሪው ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክአርተር ከሌሎች ስለበለጠ አይደለም። ትእዛዙ በነባሮቹ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች በኩል ስለሚያልፍ ነው። የመሬት ለአራሹ ማሻሻያውን በየመንደሩ ያስፈጸሙት የጃፓን የመሬት ኮሚቴዎች ናቸው፤ የደመወዝ መዝገቡም ባለቤት አጥቶ አያውቅም። ስለዚህ በኤፕሪል 28 ቀን 1952 ወረራው በይፋ ሲያበቃ የሚረከብ መንግሥት ነበረ። ወታደሮቹ እስከ ዛሬ እዚያው መኖራቸው፣ ኦኪናዋም እስከ 1972 በአሜሪካ አስተዳደር ሥር መቆየቷ ሌላ ጉዳይ ነው። ለማስተዳደር መቆየትና በስምምነት የጦር ሰፈር ይዞ መቆየት አንድ አይደሉም። የጽሑፋችሁ አዘጋጅ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልለው ባያዩዋቸው ኖሮ ክርክራቸው የበለጠ በጠነከረ ነበር እላለሁ።

በኢራቅ የተደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። በሜይ 22 ቀን 2003 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1483 አሜሪካና ብሪታንያ የወራሪ ኃይል ግዴታ እንዳለባቸው አረጋገጠ። በማግሥቱ፣ በሜይ 23፣ የጊዜያዊው አስተዳደር ኃላፊ ፖል ብሬመር በትእዛዝ ቁጥር 2 የኢራቅን ጦር በተነ። በአንዲት ፊርማ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ፣ መሣሪያ መያዝ የሚያውቁና ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰዎች ከፔሮል ወጡ። ከዚያ ሳምንት በፊት በወጣው ትእዛዝ ቁጥር 1 ደግሞ የሳዳም ሁሴን ገዥ ፓርቲ የነበረው የባዝ ፓርቲ የላይኛው እርከን አባላት ከመንግሥት ሥራ ተባርረዋል፤ ከእነሱም መካከል አስተማሪዎች ነበሩበት። በጁን 18 የተበተኑት ወታደሮች ባግዳድ ውስጥ በአስተዳደሩ ቅጥር በር ላይ ተሰብስበው ደመወዛቸውን ጠየቁ፤ የአሜሪካ ወታደሮች ተኩሰው ሁለት ሰው ሞተ። ከቀናት በኋላ አስተዳደሩ ለቀድሞ ወታደሮች ወርኃዊ ድጎማ እንደሚከፍል አስታወቀ። ከአንድ ወር በፊት የዘጋውን ፔሮል በሌላ ስም መልሶ ከፈተው ማለት ነው። ገንዘቡ ከካዝና መውጣቱ ካልቀረ፣ ሰዎቹን በሰፈራቸውና በአዛዦቻቸው ሥር አቆይቶ መክፈል ምን ይከብድ ነበር? በሒሳብ ክፍል የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ይነቀንቃል። የአሜሪካ ጦር ከኢራቅ በዲሴምበር 2011 ወጣ፤ በጁን 2014 ሞሱል በአይኤስ እጅ ስትወድቅ ግን ተመልሶ ገባ።

የተቋራጮቹን ጉዳይ ደብቄ ማለፍ አልፈልግም፤ ጽሑፋችሁ ትክክል የሆነው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ለኢራቅ መልሶ ግንባታ 60 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥታለች፤ ብክነቱንም አንድ በአንድ መዝግቦ ያወጣው ራሷ የሾመችው ልዩ መርማሪ ቢሮ ነው። ከመዘገባቸው መካከል ኻን በኒ ሰዓድ በተባለ ስፍራ የተጀመረው እስር ቤት ይገኛል፤ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከወጣበት በኋላ ሳያልቅ ተተወ፣ አንድም እስረኛ አልገባበትም። ከዚህ የተጠቀመ እንዳለ አያጠራጥርም። ነገር ግን ተቋራጭ ሥራው ሲኖር ይመጣል እንጂ ጦሩን ጎትቶ አያመጣም፤ አንዴ ከገባ በኋላ ቆይታው እንዲረዝም መግፋቱን ግን አምናለሁ።

ቦስኒያን በአጭሩ ላንሳ። በ1995 መጨረሻ ጦርነቱን ያበቃው የዴይተን ስምምነት ሲፈረም ወደ 60,000 የሚጠጋ ሠራዊት ገባ፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ለአገራቸው ሕዝብ የነገሩት የአንድ ዓመት ግዳጅ ነው ብለው ነበር። የኔቶ ተልእኮ ለአውሮፓ ኅብረት ጦር ቦታውን የለቀቀው በ2004 ነው። ለምን ረዘመ? የመኪና ታርጋ ይመስክር። ከጦርነቱ በኋላ ታርጋው ባለመኪናው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ስለሚናገር ሰው ወደ ሌላው ክልል ለመንዳት ይፈራ ነበር። በ1998 በውጭው ተቆጣጣሪ ውሳኔ አዲስ ታርጋ ወጣ፤ በላቲንና በሲሪሊክ ፊደል አንድ ዓይነት መልክ ባላቸው ፊደላት ብቻ የተጻፈ፣ የመጣበትን ከተማ የማይናገር ታርጋ። ሦስቱ ወገኖች፣ ቦስኒያኮች፣ ሰርቦችና ክሮአቶች፣ በዚህ እንኳ ሊስማሙ አልቻሉም ነበርና የውጭ ሰው መወሰን ነበረበት። ውሳኔውም ሠርቷል፤ ሰው መንዳት ጀመረ።

ሊቢያ ላይ ደግሞ ማንም አልቆየም። በማርች 17 ቀን 2011 የወጣው ውሳኔ ቁጥር 1973 ራሱ ማንኛውንም የውጭ ወራሪ ጦር ከልክሎ ነበር፤ ጋዳፊ በኦክቶበር 20 ተገደለ፣ የኔቶ ዘመቻ በኦክቶበር 31 ተዘጋ። ደመወዝ የመክፈሉ ሥራ ገና ባልጠናው የሽግግር መንግሥት ላይ ወደቀ። ይህም መንግሥት ለተዋጊዎች ሲከፍል፣ ተዋግቻለሁ ብሎ የሚመዘገበው ሰው ቁጥር በእርግጥ ከተዋጋው እጅግ በልጦ ተገኘ። ከ2014 ጀምሮ አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ ስትዋጋ በሁለቱም ወገን ያሉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ ደመወዛቸውን ይቀበሉ የነበረው ከዚያው ከትሪፖሊው ማዕከላዊ ባንክ ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2016 በሥልጣን ዘመናቸው ከሠሯቸው ስሕተቶች ምናልባት ትልቁ ከጋዳፊ በኋላ ለሚመጣው ቀን አለመዘጋጀታቸው እንደሆነ ተናግረዋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረኝ አፍጋኒስታን ነው፤ ሁለት ጊዜ ስለታየ። የሶቪየት ጦር በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1989 ሲወጣ ብዙዎች በሞስኮ የሚደገፈው የናጂቡላህ መንግሥት በጥቂት ወራት ይወድቃል ብለው ነበር፤ ሦስት ዓመት ቆመ። ጦሩ ቢወጣም ገንዘቡ፣ ነዳጁና ስንዴው ከሞስኮ መምጣቱን አላቋረጠምና። ሶቪየት ኅብረት በ1991 መጨረሻ ፈርሳ እርዳታው ሲቆም፣ ደመወዝ ያጣው ጦር ተከፋፍሎ መንግሥቱ በኤፕሪል 1992 ወደቀ። ወታደር ሳይኖር ሦስት ዓመት፣ ገንዘብ ሳይኖር አራት ወር መሆኑ ነው።

አሜሪካኖቹ ይህን ታሪክ የማያውቁት አልነበሩም። ለሃያ ዓመት ያህል ለመልሶ ግንባታ ብቻ 145 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አወጡ፤ ከካቡል መንግሥት ወጪ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ከለጋሾች ይመጣ ነበር። በወረቀት ላይ 300,000 የሚደርሰው የጸጥታ ኃይል ግን ብዙው ስም ብቻ ነበረ፤ አዛዡ የሌለ ወታደር ስም እያስመዘገበ ደመወዙን ራሱ ይቀበላል፤ መርማሪዎች ለዓመታት ይህን ሲጽፉ ኖረዋል። በኦገስት 15 ቀን 2021 ካቡል በታሊባን ስትያዝ ከመዝገቡ ላይ የነበሩት ስሞች ሊዋጉ አልቻሉም።

የመጨረሻው የአሜሪካ አውሮፕላን በኦገስት 30 ተነሳ። በኒው ዮርክ የተቀመጠው ወደ 7 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የአፍጋኒስታን መጠባበቂያ ገንዘብ ታገደ፤ የለጋሾቹም ክፍያ ቆመ። ሐኪሞችና መምህራን ለወራት ያለ ደመወዝ ሠሩ። ከኖቬምበር ጀምሮ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የትልልቅ ሆስፒታሎችን ሠራተኞች ደመወዝ መክፈል ጀመረ። ለጃንዋሪና ለፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ ዩኒሴፍ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ ለ194,000 ያህል የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ለእያንዳንዳቸው በወር 100 ዶላር ከፈለ። ጦራቸውን ያስወጡት መንግሥታት ናቸው፣ ከወጡ ከአምስት ወር በኋላ፣ ጠላታቸው በሚያስተዳድረው አገር ለመምህር ደመወዝ የሚከፍሉት። የጽሑፋችሁ አዘጋጅ ይህችን ወጪ ከየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚያስገቧት ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ