የታሪክና ቅርስ ክበብ፦ ከቁስቋም ጎረቤቶች ጋር

የትምህርት ቤት ክበባችንን ሥራ "ሽርሽር ነው" የሚሉ አሉና ዘርዘር አድርጎ መጻፍ ሳይሻል አይቀርም። ሳምንታዊ ስብሰባዎች እንደወትሮው ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ። የዓመቱ ዋና ሥራ እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር በሚገኘው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ባሠሯቸው ግንቦች ዙሪያ ነበር።

አንቆፍርም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። መሬት ላይ የሚታየውን ብቻ እንመዘግባለን፦ በችካልና በሲባጎ 5 በ5 ሜትር ከልለን፣ ጎን ለጎን እየተራመድን፣ ለተገኘው ገል ቁጥር ሰጥተን፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገን ፎቶ አንስተን እዚያው እንመልሰዋለን። ማስመሪያ የሌለበት ፎቶ መጠኑን ስለማያሳይ አይረባም።

የአካባቢው ሰው መጀመሪያ ሸሽቶን ነበር። ሜትር ሲዘረጋ ያየ "ይዞታችን ሊለካ ነው" ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። ዕድር ላይ ተገኝተን መዝገቡን ካሳየንና "እናንተስ እዚህ ምን ታውቃላችሁ?" ብለን ከጠየቅን በኋላ ግን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይመሩን ጀመር። ወጣቶቹ ግንቡ ላይ የበቀለውን በዘመቻ እንንቀል ሲሉ አቆየናቸው፤ ሥሩ ሲነቀል ኖራውን ይዞ ስለሚወጣ የባለሙያ ሥራ ነው።

ከሁሉ የነካኝን ልንገራችሁ። ተማሪዎች በ2 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ክቦች የተሣሉበት ካርቶን አላቸው፤ የገሉ ከንፈር ከገጠመበት ክብ የዕቃው አፍ ስፋት ይታወቃል። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ 24 ሴንቲ ሜትር አግኝታ "ጋን" ብላ ጻፈች። ጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ መንደር የጋበዝናቸው ሸክላ ሠሪ እናት ገሉን ተቀብለው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

"ልጄ፣ ጋን እሳት ላይ ይጣዳል እንዴ? ጥላሸቱን አታይም? ይኼ የወጥ ድስት ነው።"

ስብራቱን ገልብጠን አየን፤ ጥላሸት የለበትም። ዕቃው ከተሰበረ በኋላ ቢቃጠል ኖሮ ስብራቱም ይጠቁር ነበር። ልጅቷ "ጋን" የሚለውን ሠርዛ አስተካከለች፤ ማንም ሳያዛት "የለዩልን" ብላ የሸክላ ሠሪዋን እናት ስም ጎኑ አሰፈረች። አሁን መዝገባችን በሙሉ ይህ ረድፍ አለው።

ክረምት ሲገባ ሣሩ ገሉን ስለሚሸፍነው ሥራው ይቆማል። ያለን ሜትር ባለ 5 ነው። የከለልነው ቦታ ማዕዘን ቀጥ ያለ መሆኑ የሚታወቀው ሰያፉ 7.07 ሜትር ሲመጣ ነው፤ በአጭር ሜትር እየቀጠሉ ሲለኩ ስሕተት ይገባል። ለስፖርት ማልያ የተገኘ በጀት ለአንድ ባለ 30 ሜትር መለኪያ አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። ከግንባታ ሥራ የተረፈ መለኪያ፣ ሲባጎ ወይም ኮምፓስ ያላችሁ ወላጆችም ለታሪክ ትምህርት ክፍል ብታስረክቡን መስከረም ላይ ሥራ እንጀምርበታለን።