ዝንጀሮውም በድምፅ ነው የገባው

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ስለ ከንቲባ ምርጫ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። መጀመሪያ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ ሁለተኛውን ቡናው ቀዝቅዞ።

እውነት ለመናገር ጽሑፉ አይከፋም። ለንደን በፈረንጆቹ 2000 ከንቲባዋን በቀጥታ መረጠች፣ ያሸነፈውም ከፓርቲው ወጥቶ በግሉ የተወዳደረው ኬን ሊቪንግስተን ነው ብላችኋል። ልክ ነው። ቀጥሎ ሃርትልፑል የምትባለውን የእንግሊዝ ከተማ አመጣችሁልን። የከተማዋ ኳስ ቡድን በሚጫወትበት ሜዳ የዝንጀሮ ልብስ ለብሶ የሚጨፍረው ልጅ በ2002 ተወዳድሮ፣ ለተማሪዎች ነፃ ሙዝ አድላለሁ ብሎ፣ ከንቲባ ሆነ። ከት ብዬ ሳቅሁ። ጎረቤቴንም ጠርቼ አነበብኩለት። ከዚያ ወደ እኛ መጣችሁና «በነዋሪው የተመረጡት የጎጃም ከተሞች ከንቲባዎች» ብላችሁ አለፋችሁ።

ለዝንጀሮው ግማሽ ገጽ፣ ለእኛ ግማሽ ዓረፍተ ነገር። እሷም ስህተት።

ጎረቤቴ ሳቁን አቁሞ «ጋሼ፣ እኛን ደብቀው መረጡ እንዴ?» አለኝ። ምን ልበለው? በዚህች ከተማ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። አብዛኛውን አማርኛ ሳስተምር ነው ያለፈው። ለከንቲባ ብዬ አንድም ቀን ተሰልፌ አላውቅም። «የተመረጡት» ብላችሁ ብታቆሙ እንኳ ማን መረጣቸው የሚለው ተድበስብሶ ያልፍ ነበር፤ እናንተ ግን መራጩን ጨመራችሁበት። የቅኔ አገር ሰው ነኝና ሰምና ወርቅ ይኖረው ይሆን ብዬ ፈለግሁለት። ሰሙ «ተመረጡ»፣ ወርቁ «ተሾሙ» ከሆነ፣ አዘጋጁ፣ ተቀኝተዋል። ዜና ከሆነ ግን ተሳስተዋል።

ሕጉን አታውቁም እንዳትሉን። ነዋሪው የከተማውን ምክር ቤት ይመርጣል፣ ምክር ቤቱ ከንቲባውን ይመርጣል። አዲስ አበባም ይኸው ነው፤ ሰኔ 2013 ሰው ተሰልፎ የመረጠው ምክር ቤቱን ነው፣ ከንቲባዋን በመስከረም 2014 የመረጠው ምክር ቤቱ ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም። እንግሊዝም ውስጥ ብዙው ከተማ መሪውን በምክር ቤት ነው የሚመርጠው። ነዋሪው በእጅ አዙር መረጠ ካላችሁኝ እሺ፣ ልስማማ።

ግን ምክር ቤቱስ? የእኛን የከተማ ምክር ቤት ለመጨረሻ ጊዜ የመረጥነው ሚያዝያ 2005 ነው። የሥራ ዘመኑ አምስት ዓመት። በ2010 ሊደረግ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ። በ2011 እንደገና ተራዘመ። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሲደርስ፣ እኛ የፓርላማና የክልል ወረቀት ተሰጥቶን ወደ ቤታችን ሄድን። በ2005 የተወለደው የልጄ ልጅ ድምፁ ጎርንኗል። የእኔ ድምፅ የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም።

ጸጥታው ነዋ የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያለንበትን ሁኔታ ለእኛ ማንም አይነግረንም፣ ኖረን እናየዋለን። ነገር ግን ቁጥሩን ቁጠሩት፤ አሁን ያለንበት ጦርነት የመጣው በ2015 ነው፣ የምክር ቤቱ ዘመን ያለፈው በ2010። መካከል ላይ ያሉት ዓመታት የማን ናቸው?

አንድ ቃል እንዲህ ለምን አንገበገበህ ትሉኝ ይሆናል። ደጃፌ ላይ አንድ ቦይ አለ። ለኮብልስቶን አዋጡ ተባልን፣ አዋጣን፣ ደረሰኙ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ድንጋዩ እስከ ጎረቤቴ በር መጣና ቆመ። ቦዩ ተቆፍሮ ክዳን ሳይደረግለት ቀረ። በፍልሰታ ባለቤቴ ኪዳን ልታደርስ በሌሊት ስትወጣ ገባችበት። ነጠላዋ በጭቃ ተለውሶ፣ እጇ ተወልቆ፣ ጎህ ሳይቀድ ወጌሻ ቤት አደረስናት። እኔም ማመልከቻዬን በፌስታል ጠቅልዬ ማዘጋጃ ቤት መመላለስ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ አራት ከንቲባ አይቻለሁ። አየሁ ስል ሁለቱን በፎቶ ነው። በሄድኩ ቁጥር «አዲስ ናቸው፣ ጉዳዩን ገና አላዩትም» እባላለሁ። ጉዳዩን ሊያዩት ሲሉ ይነሳሉ። የአንዱን ቢሮ ሦስት ወር ተመላለስኩ፣ ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ትለኛለች፤ በአራተኛው ወር «ተዛውረዋል» አለችኝ። ወዴት? ወደ ዞን። እድገት ነው አሉ። እንኳን ደስ ያላቸው። ቦዩም ሳያድግ አልቀረም፣ በክረምቱ ጎርፍ በክንድ ያህል ሰፍቷል።

ሰዎቹን ክፉ ናቸው አላልኩም። ሹም ዓይኑ የሾመው ላይ ነው። የሾመው በላይ ያለው ከሆነ ሽቅብ ያያል፣ ያዛውሩኝ ይሆን፣ ያሳድጉኝ ይሆን እያለ። እኔ ሾሜው ቢሆን ቁልቁል አይቶ ቦዬን ያገኘው ነበር። ባያገኘው ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ እኔ አሳየው ነበር። በአያቴ ዘመን እንኳ ጭቃ ሹምነት በተራ ይዞር ነበር። አያቴም ተራቸው ደርሶ አንድ ዓመት ሹመዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ለባለተራው አስረክበው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ምርጫ ነው አልልም፣ ሴቶቹን ማን ጠይቋቸው። ቢያንስ ግን ተራው መቼ እንደሚያልቅ መንደሩ ሁሉ ያውቀው ነበር።

የሃርትልፑልንም ታሪክ ከመሐል ቆርጣችሁ ነው የተዋችሁት። ያ ሰውዬ የዝንጀሮ ልብሱን አውልቆ ሥራውን ያዘ፤ በፈረንጆቹ 2005 እና 2009 ደግመው መረጡት። በፈረንጆቹ 2012 ደግሞ ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ከንቲባነቱን ራሱን አስቀረው። አወጡትም፣ አወረዱትም፣ ወንበሩንም አነሱት፣ ሁሉንም ራሳቸው። ከዝንጀሮው ይልቅ ይህን ብትጽፉልን ይሻል ነበር። ዝንጀሮማ እኛም አለን፤ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ የወረደ ሁሉ መንገድ ዳር ተቀምጠው ሲጠብቁት አይቷል። የእኛዎቹ ሙዝ ቃል አይገቡም፣ ይቀበላሉ እንጂ።

እርማት ታወጣላችሁ ብዬ እጠብቃለሁ። ብዙ አትድከሙ። «የተመረጡት» የሚለውን «የተሾሙት» በሉት፣ «በነዋሪው» የምትለዋን አውጡልኝ። ቀለምም ትቆጥባላችሁ።

ጡረተኛው መምህር፣ ከጎጃም