የመመረቂያ ጥናቱ ለማን ነው የሚጻፈው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሕግ ትምህርት ሲነሳ ወሬው ሁሉ የመውጫ ፈተና ሆኗል። ስንቱ አለፈ፣ ስንቱ ወደቀ። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ለሌሎች የትምህርት ክፍሎችም ሲዳረስ የሕግ ተማሪዎች ከለመዱት ቆይተዋል። ሐዋሳ ላይ በጥብቅና ለምተዳደረው ለእኔ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ልጆቹ አምስት ዓመት የሚማሩበት ቋንቋና ችሎት የሚቆሙበት ቋንቋ አይተዋወቁም።

ለተግባር ልምምድ ቢሮዬ የሚመጡት ተማሪዎች ጎበዞች ናቸው። ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያ ጊዜ ስለማለፉ ጠይቋቸው፣ በእንግሊዝኛ ያንበለብሉታል። «እስቲ የይርጋ መቃወሚያ በአማርኛ ጻፉልኝ» ሲባሉ ግን ዝም። ፍርድ ቤት በር ላይ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ያስከነዳቸዋል። ችሎቱ በሲዳምኛ ሲሆንማ ተዉት። በልጆቹ አልፈርድም። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ሲጋጩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የበታች ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድደው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሕግ ትርጉምም የሚጻፈው በአማርኛ ነው። ታዲያ ማን አለማመዳቸው?

ከሁሉ የሚያበሳጨኝ የምርምሩ ነገር ነው። በየዓመቱ ተመራቂው ወራት ለፍቶ በእንግሊዝኛ ጥናት ይጽፋል። ይጠረዛል፣ ውጤት ይሰጠዋል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በቃ። ርዕሶቹ እኮ የዚሁ የከተማችን ጉዳዮች ናቸው። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ስታስወጣን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የተሰናበቱ ሠራተኞች መብት አለ። በአፊኒ፣ በሲዳማ ባህላዊ የእርቅ ሥርዓት፣ ሽማግሌዎች የጨረሱት ጉዳይ ተመልሶ ፍርድ ቤት ሲመጣ ዳኛው ምን ያድርግ የሚለው አለ። ሕገ መንግሥቱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህል ሕግ እንዲዳኝ የሚፈቅደው ተከራካሪዎቹ ከተስማሙ ነው። መስማማታቸው በምን ይታወቃል? ይህን ቀበሌ ለቀበሌ ዞሮ የጠየቀ ተማሪ ቢኖር፣ ወረቀቱን ለማንበብ የመጀመሪያው ተሰላፊ እኔ ነኝ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት ዲኑ አሜሪካዊ ነበር። ብዙም ሳይቆይ የጀመረው የሕግ መጽሔት ግን የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያትም ነበር። የውጭ ሰዎቹ ያሰቡበትን እኛ መርሳታችን ይገርማል።

ሌላውም ዓለም ከዚሁ ጥያቄ ጋር እየታገለ ነው። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2021 ሕጓን አሻሽላ ስዋሂሊን የፍርድ ቤት ቋንቋ አድርጋለች። በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩት የሕግ ትምህርት ቤቶቿ አሁን የእኛው ዓይነት የቤት ሥራ አለባቸው። ካናዳ ውስጥ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 የነባር ሕዝቦችን ሕግ ከመደበኛው ሕግ ጋር አጣምሮ በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። እኛ አፊኒን አጠገባችን አስቀምጠን የአንድ ሳምንት ንባብ እናደርገዋለን።

«ለዚህ ሁሉ ቻትጂፒቲ አለ» የሚሉኝም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች እሱን አምነው የሌሉ ውሳኔዎችን ለፍርድ ቤት ጠቅሰው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ያውም በእንግሊዝኛ፣ እልፍ መዝገብ ኢንተርኔት ላይ በተጫነበት አገር። የእኛን የወረዳ ፍርድ ቤት መዝገብ ከየት አምጥቶ ሊያውቀው ነው?

እንግሊዝኛው ይቅር እያልኩ አይደለም። ዓለም አቀፍ ውልና የግልግል ዳኝነት ያለ እሱ አይሆንም። የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። እያንዳንዱ የመመረቂያ ጥናት አምስት ገጽ ማጠቃለያ በአማርኛ ወይም በክልሉ የሥራ ቋንቋ ይኑረው። አንድ ቅጂም ለአካባቢው ፍርድ ቤት ቤተ መጻሕፍት ይድረስ። ተማሪው ጥናቱን ሲከላከልም ከፈታኞቹ አንዱ በሥራ ላይ ያለ ዳኛ ወይም ጠበቃ ይሁን። አበል አንጠይቅም፤ ሻይ ካለ ይበቃል።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። በወር አንድ ጊዜ ከእነዚህ ማጠቃለያዎች አንዱን የምታትሙበት ግማሽ ገጽ ይኖራችኋል?

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጠበቃ፣ ከሐዋሳ