መብራት ሲጠፋ ያልጠፋ መጋዝ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ቁም ሳጥን፣ አልጋና የወጥ ቤት መደርደሪያ እየሠራሁ የምተዳደር የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነኝ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጂግሶ የሚባለው ትንሽ የኤሌክትሪክ መጋዝ ከባለሙያ እጅ አልፎ በየሰው ቤት እየገባ ነው። ሰው የገዛ መደርደሪያውን በገዛ እጁ ቢሠራ ደስ ይለኛል እንጂ አልከፋም። እንድጽፍ ያስገደደኝ መጋዙ የሚሸጥበት መንገድ ነው። ሻጩ ከካርቶኑ ያወጣዋል፣ ሶኬት ላይ ይሰካዋል፣ ቃታውን ስቦ ያስጮኸዋል፣ "ይኸው ይሠራል" ይላል፤ ሂሳብ ይቀበላል፤ በቃ። እንዴት እንደሚነሣ ያሳያል፤ እንዴት እንደሚቆም ግን ሲያሳይ አይቼ አላውቅም።

በእጀታው ጎን፣ ከቃታው አጠገብ፣ በብዙዎቹ መጋዞች ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ቃታውን ስበው እርሷን ሲጫኗት ቃታው እንደተሳበ ተይዞ ይቀራል፤ ጣት ቢለቀውም መጋዙ አይቆምም። ረጅም ሳንቃ የሚቆርጥ ሰው ጣቱ እንዳይዝል የተሠራች ናት። ለማስለቀቅ ቃታውን እንደገና ጠበቅ አድርጎ ስቦ መልቀቅ ይበቃል። መብራት በማይቋረጥበት አገር ይህች ቁልፍ ያን ያህል አታሳስብ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን ሥራው ሳያልቅ መብራት ይሄዳል። መጋዙ ዝም ይላል። ሰውየው ተናዶ ጠረጴዛው ላይ ያጋድመውና ወደ ሌላ ጉዳዩ ይሄዳል። ቁልፏ ግን እንደተያዘች ናት፤ ገመዱም ከሶኬቱ አልተነቀለም። መብራቱ ሲመለስ መጋዙ ማንም ሳይነካው ይነሣል።

ይህ በሠፈራችን ሆኗል። አንድ ጎረቤታችን የዶሮ ቤት በር ሊሠራ ኮምፔርሳቶ እየቆረጠ ሳለ መብራት ጠፋ፤ መጋዙን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ወጣ። መብራቱ የተመለሰው ከመሸ በኋላ ነው። ጩኸት ሰምተን ስንደርስ መጋዙ በራሱ ንዝረት እየተንፏቀቀ ከጠረጴዛው ወርዶ፣ ወለሉ ላይ እንደ ዓሣ እየተገላበጠ የፕላስቲኩን ምንጣፍ ይተለትለዋል። ምላጩ ሲሚንቶውን እየመታ ጎብጧል። የሰባት ዓመት ልጃቸው ሶፋው ላይ ቆማ ታለቅሳለች፤ መብራቱ ከመምጣቱ በፊት በሻማ የቤት ሥራዋን ትሠራ የነበረው እዚያው ጠረጴዛ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናትየዋ ሮጣ ሶኬቱን ባትነቅለው ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ስለዚህ አንባቢዎችን የምለምነው ይህን ነው፦ መብራት በጠፋ ቅጽበት፣ ሌላ ነገር ከማድረጋችሁ በፊት፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ። ቀጥላችሁ ቃታውን ስባችሁ ልቀቁና ቁልፏ አለመያዟን አረጋግጡ። ከዚያም አልፌ እላለሁ፤ ቤት ውስጥ ለሚሠራ አጭር ሥራ ቁልፏን ጨርሶ አትጠቀሙባት። ጣት ሲለቅ መጋዙ የሚቆም ከሆነ፣ ሰው ሲደነግጥም ሲያዳልጠውም መጋዙ አብሮ ይቆማል። ጣት ቢደክም አርፎ መቀጠል ይቻላል።

ሌላው አደጋ ዓይን የማያየው ነው፤ ያለው ከሳንቃው ሥር ነው። ይህ መጋዝ የመጣው ከልብስ ስፌት መኪና ነው ይባላል። አልበርት ካውፍማን የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1946 የስፌት መኪናን መርፌ አውጥቶ በቦታው የመጋዝ ምላጭ ገጠመበት። ጣቱን በስፌት መኪና መርፌ የተወጋ ልብስ ሰፊ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። በተለመዱት መጋዞች ምላጩ በደቂቃ እስከ 3000 ጊዜ ያህል ይወጣል ይገባል፤ ጫፉም ከሚቆረጠው እንጨት ሥር ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወጥቶ ይሠራል። ሰው ደግሞ ሳንቃ በግራ እጁ ሲይዝ አውራ ጣቱን ከላይ፣ አራቱን ጣቶቹን ከሥር ያደርጋል። ዓይኑ ያለው ከላይ የተሠመረው መሥመር ላይ ነው። ጣቶቹ ያሉት ምላጩ በሚሄድበት መንገድ ላይ ነው። ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች የሚያሳዩኝ ጠባሳ አብዛኛው በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

መፍትሔው ሞርሳ፣ ማለትም በጠመዝማዛ የሚጠብቅ መቆንጠጫ ነው። ሳንቃውን ከጠረጴዛው ጋር በሁለት ሞርሳ አጥብቆ ማሰር፣ የሚቆረጠውን ክፍል ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ ማዋል፣ ከመጀመር በፊትም ጎንበስ ብሎ ሥሩን ማየት። ከዚያ ግራ እጅ ሥራ ስለሌለው ከሥር የሚገባበት ምክንያት የለም። ሁለት ወንበር ላይ ሳንቃ አጋድሞ "ልጄ፣ ጫፉን ያዝልኝ" ማለት ግን ፈጽሞ መቅረት አለበት። በጉልበት ላይ አድርጎ የሚቆርጥም አይቻለሁ፤ ይህንን ስጽፍ እንኳ ሰውነቴን ይወርረኛል።

የምላጩ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ የዞረ ነው፤ የሚቆርጠውም ሲወጣ ነው። ስለዚህ ያልታሰረ ሳንቃ አብሮት ይዘላል። የመጋዙን የብረት እግር እንጨቱ ላይ ጠፍጥፎ ሳይጫኑ የሚቆርጡት ከሆነም መጋዙ ራሱ ይንቀጠቀጣል። ያልደረቀ የባሕር ዛፍ ጣውላማ ምላጩን ነክሶ ይይዘዋል፤ ያን ጊዜ በጉልበት መግፋት ምላጭ ይሰብራል፤ ስባሪውም ወደ ፊት ይፈናጠራል። ቃታውን መልቀቅ፣ ምላጩ ፈጽሞ እስኪቆም መጠበቅ፣ ከዚያ ማውጣት ነው። እየተንቀሳቀሰ ከእንጨቱ የተነሣ ምላጭ ተመልሶ ሲያርፍ መጋዙን ከፍ አድርጎ ይወረውራል። ምላጭ ሲቀየርም አስቀድሞ ገመዱ ይነቀል፤ አሁን የቆረጠ ምላጭ ትኩስ ስለሆነ በባዶ እጅ አይነካ።

እኛ ደጋ ነን፤ የከተማችን ከፍታ ከባሕር ጠለል ከ2700 ሜትር በላይ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ብርዱ ሁለት ልማድ ያስይዘናል። አንደኛው ጋቢ ደርቦ፣ ሻርፕ ጠምጥሞ፣ የሹራብ ጓንት አጥልቆ መሥራት ነው። የጋቢ ጥለት ወይም የጓንት ክር ምላጩ ላይ ከተጠመጠመ እጅን ወደዚያው ይጎትታል። የሚሞቅ ከተፈለገ ገላ ላይ የሚጣበቅ ሹራብ ይለበስ፤ ጋቢው ሥራው እስኪያልቅ ይሰቀል። ሁለተኛው ልማድ በርና መስኮት ዘግቶ መቁረጥ ነው። ሕፃን በተኛበት ክፍል ቺፑድ ሲቆረጥ አይቻለሁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ጥናት ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ነገሮች መድቦታል፤ ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚባሉት ከእንጨት ፍቅፋቂና ብናኝ የተሠሩ ሳንቃዎች የሚጣበቁበት ሙጫ ውስጥ የሚገኘውን ፎርማልዲሃይድ የተባለ ኬሚካልንም እንዲሁ። አንድ መደርደሪያ የሠራ ሰው ይታመማል ማለቴ አይደለም፤ ግን ሰጋቱራው ሕፃን የሚተነፍስበት ቤት ውስጥ ለምን ይቦንን? በረንዳ ይወጣ፤ አፍና አፍንጫ ይሸፈን።

መነጽርን በተመለከተ አንድ ጊዜ ሻጩን "የዓይን መከላከያ አብረህ አትሸጥም?" ብዬ ጠየቅሁት። "እትዬ፣ ማን ይገዛዋል ብለው ነው?" አለኝ። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ማንም አልነገረውም። ግን የመነጽሩ ዋጋ ከመጋዙ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ አይባልም፤ ከፊት ከተቀመጠ ሰው ያየዋል፣ ካየው ይገዛዋል።

ከአሜሪካ በዘመድ የተላከ መጋዝ ያላችሁም፣ ከመሰካታችሁ በፊት ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የእነርሱ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ያለ መቀነሻ ከተሰካ መቃጠሉ አይቀርም።

ጉዳት ከደረሰ ደግሞ፣ እባካችሁ ቁስል ላይ ቡና አትነስንሱ። ቡናው ቁስሉን ያቆሽሸዋል፤ ሐኪሙም መጀመሪያ እርሱን ሲያጥብ ጊዜ ይሄዳል። በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን፣ እጁን ከልብ በላይ ከፍ ማድረግ፣ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ጣት ተቆርጦ ከወደቀ ራሰ ባለ ንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ፌስታል ውስጥ ታስሮ፣ ፌስታሉ በረዶ ባለበት ውኃ ላይ ተቀምጦ ከታማሚው ጋር ይሂድ፤ ጣቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም። ደብረ ብርሃን ላይ ያለን ሰዎች ሆስፒታል ቅርባችን ነው። ከዚህ ገበያ መጋዝ ገዝቶ መሐል ሜዳ ወይም ዓለም ከተማ ይዞ የሚሄደው ሰው ግን ረጅም መንገድ አለበት፤ የሚያሳየው ባለሙያም አጠገቡ ላይኖር ይችላል። ከሁሉ ይልቅ የምጨነቀው ለእርሱ ነው።

አስመጪዎች በየካርቶኑ ውስጥ ባለ አንድ ገጽ የአማርኛ መመሪያ ቢጨምሩ ብዙ ወጪ አይደለም፤ አሁን የሚገኘው መመሪያ ገዢው በማያነብበት ቋንቋ የተጻፈ ነው። ሻጮች ደግሞ መጋዙን ሲያስጮኹ ቁልፏን ጭነው፣ እንዴት እንደምትለቅ ጭምር ለገዢው ያሳዩት፤ ገዢውም ራሱ እንዲሞክረው ያድርጉ። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ለሠፈር ሰው የግማሽ ቀን ትምህርት ቢያዘጋጁ እኔም ሞርሳዎቼን ይዤ በነጻ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ።

ጋዜጣው ላይ ቦታ ከጠበበባችሁ ስለ ቮልቱና ስለ መነጽሩ የጻፍኩትን ቀንሱት። ስለ ቁልፏና ስለ መብራት መጥፋት የጻፍኩትን ግን እባካችሁ እንዳለ አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የእንጨት ሥራ ባለሙያ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ