ከቀዶ ጥገናው በኋላስ?

ለአዘጋጁ፦ ክብደት ለመቀነስ ስለሚደረገው የጨጓራ ቀዶ ጥገና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። «ያዋጣል ወይ?» የሚለውን በዋጋ ብቻ መመለሳችሁ አልተዋጠልኝም። ስሊቭ በሚባለው ዓይነት 80 በመቶ የሚጠጋው ጨጓራ ተቆርጦ ይወጣል፤ ተመልሶ አይገጠምም። ያም ሆኖ ዓይነት 2 ስኳር ላለበት ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ ብዙዎች መድኃኒት እስከማቆም ይደርሳሉ። «ስንፍና ነው» የሚሉትን አልሰማም።

የሚያሳስበኝ የኋላው ነው። እህቴ ከተሠራች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ሩብ እንጀራ ቆርሳ፣ ቀስ ብላ አላምጣ፣ ውሃውን ግማሽ ሰዓት ቆይታ ነው የምትጠጣው። ቫይታሚኑ ዕድሜ ልክ ነው፤ በጾም ደግሞ ፕሮቲኑን ከሽሮና ከምስር ማሟላት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ውጭ አገር ተሠርቶ የሚመለሰውን ማን ይከታተለዋል? ሐኪሞች የቀዶ ጥገናውን ቀን ከመቁረጣቸው በፊት ታካሚውን ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ያገናኙት፣ የደም ምርመራ ቀጠሮውንም በጽሑፍ ይስጡት።