ተሸክማችሁ ላወረዳችሁኝ ሁሉ

እግሬ ጄሶ ውስጥ ነው፤ እጄ ግን ደህና ነውና ልጻፍ። ቅዳሜ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አብረን በእግር የተጓዝን ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግማሾቻችሁን በመልክ እንጂ በስም አላውቃችሁም። ስለዚህ ምስጋናዬን እዚሁ ለሁላችሁም ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ከአስጎብኚያችን ልጀምር። ጠዋት በሩ ላይ «አንድ ሰው ሁልጊዜ መጨረሻ ይሆናል፤ ከእሱ ኋላ ማንም አይቀርም» ብሎ ነበር። በዚያ ሕግ ባይጸና ኖሮ እኔ ስወድቅ አጠገቤ ሰው አልነበረም።

ደግሞ አያጣድፍም። ለከተማ ሰው ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ እሱ ግን ልናርፍ ስንል ቆሞ የሚያሳየን ነገር አያጣም። ኮሶ ዛፍ ሥር አቁሞን ቀላ ያለ አበባ የምታወጣው ሴቴዋ እንደሆነች፣ የጥንቱ የኮሶ መድኃኒትም በብዛት ከእሷ እንደሚሰበሰብ ነገረን። እናቴ ስሙን ስትሰማ እንኳ ፊቷ ይጨማደዳል! ከባሕር ዛፉ ሥር መሬቱ ራቁቱን ነው፤ ደረቅ ቅጠል ብቻ። ጥቂት ተራምደን ጽድና ወይራ ውስጥ ስንገባ አፈሩ ረጥቧል፣ ቀጋው ሹራብ ይዞ አልለቅ ይላል። ማዕከሉ 705 ሄክታር ነው፤ ባሕር ዛፉን ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፍ የመተካቱ ምክንያት በዓይናችን ታየን። ደግነቱ አስጎብኚያችን ፍርደ ገምድል አይደለም። በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆ ዋና ከተማው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ሲል አዲስ አበባን ያተረፋት ያው ባሕር ዛፍ መሆኑንም አልደበቀንም።

ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ። ደረቅ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ቁርጭምጭሚቴ ቋ ሲል ሰማሁት።

መጨረሻ ላይ የነበርከው ወንድሜ፣ «አትነሺ!» ብለህ ስለጮህክብኝ አመሰግናለሁ። ልነሳ ነበር። ነጠላዎን አውልቀው እግሬን ያሰሩልኝ እማማ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ዕንባዬን አይተው «አይዞሽ የኔ ልጅ» ሲሉኝ ባሰብኝ እንጂ አልተውኩም። የጥበቃው አባባ፣ ከተቆረጠው ክምር ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት መርጠው ባያመጡ ኖሮ ቃሬዛው አይሠራም ነበር። ባሕር ዛፍ ነበር፣ ሌላ ምን ይሆናል! ጠዋት ሙሉ ሲታማ ውሎ ከሰዓት እኔን ተሸከመ።

ቃሬዛ አሠራራችሁን እስከ ዛሬ አስባለሁ። ሦስት ጃኬት፣ እጅጌው ወደ ውስጥ ተገልብጦ፣ ዚፑ ተዘግቶ፣ እንጨቱ በእጅጌው አልፎ። አራት አራት ሆናችሁ እየተቀያየራችሁ አወረዳችሁኝ። አንዷ ልጅ ደግሞ እንዳይንቀሳቀስ እግሬን በሁለት እጇ ይዛ እስከ በሩ ድረስ በጎን በጎን ተራመደች። እህቴ፣ ክንድሽ እንዴት ሆነ?

ራጁ የተሰነጠቀ አጥንት አሳይቷል፤ ቀዶ ጥገና ግን አያስፈልግም ተብያለሁ። ወጌሻ ጋ እንውሰዳት ያላችሁ አክስቶቼ፣ ለጊዜው ታገሡኝ።

ነጠላውና ሦስቱ ጃኬት ታጥበው እኔ ጋ ናቸው። የሰማያዊው ኪስ ውስጥ የቤት ቁልፍ አለ። ባለቤቱ እስካሁን በር ላይ ቆመህ ካልሆነ ደውልልኝ፤ ቡናም ይፈላል።